ጉም የሚዘግን ካሜራ
(ስለ ክረምት ፎቶግራፎች የቀረበ ሂስ)

የማይሆን ነገር ለሚሞክር ሰው «ጉም መዝገን ነው» ይባላል። እጅ ይዘረጋል፣ ይጨበጣል፤ ሲከፈት ባዶ ነው። ካሜራ ግን ይህን አባባል ያፈረሰ ይመስላል። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር፣ እንጦጦ በጉም ሲሸፈን፣ መንገዱ ጎርፍ ሲሆን፣ ካሜራ ያለው ሁሉ ወጥቶ ጉሙን ዘግኖ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ስልክ ያለው ሁሉ ካሜራ አለው። በግቢያችን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን፣ በየሰሌዳው የሚለጠፉትን የክረምት ፎቶግራፎች ስናይ ታዲያ፣ እጁ ሲከፈት ውስጡ ምን አለ ብለን መጠየቅ ግድ ሆነብን።

ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ግማሽ ጎኑ በጉም የተዋጠ ባሕር ዛፍ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የሚሄድ ባለ ጃንጥላ፣ ኩሬ ውስጥ የተገለበጠ የመንገድ መብራት። ያምራሉ፤ አንክድም። «እንዴት ያለ ስሜት አለው!» ይባልላቸዋል። ኧረ የማን ስሜት? የዛፉ? የባለ ጃንጥላው? ወይስ መስኮት ዘግቶ ሻይ እየጠጣ የሚያየው የእኛው? ስለ ቅኔ ስናወራ ሰምና ወርቅ እንደምንለው፣ እዚህም ጉሙ ሰም ከሆነ ወርቁ የት እንደተቀበረ መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሳለን፤ «መጥፎ አየር» የምንለው ለማን ነው መጥፎ የሆነው? ይህን ያልጠየቀ ፎቶግራፍ፣ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ይዘቱ ጎዶሎ ነው ባይ ነን።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። ሙያውን ሳያውቁ ስለ ይዘት ብቻ መደስኮር የሂስ ልማድ እየሆነ መጥቷል፤ ይህንንም አንወድም።

ጉም ለካሜራ ምን ያደርጋል? ቅርብ ያለውን ነገር ጥቁር አድርጎ ይተወዋል፤ ራቅ ያለውን ያፈዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጨርሶ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሽቦውን፣ ቆርቆሮውን፣ ማስታወቂያውን፣ ከጀርባ የሚረብሸውን ሁሉ ጉሙ ራሱ ይሰርዝልናል። መምረጥ የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፤ በጉም ቀን ግን ጉሙ ይመርጥለታል። ሰነፍ ፎቶግራፍ እንኳ በጉም ውስጥ የታሰበበት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የብርሃን መለኪያው ደግሞ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጩን ጉም ወይም በረዶ የቆሸሸ አመድ ያስመስለዋል። የሚያውቅ ሰው መለኪያው ከሚለው ላይ አንድ እርከን፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ብርሃን ይጨምራል።

ዝናብ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሻተሩ በአንድ ሺህኛ ሰኮንድ ቢዘጋ ጠብታው ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በአንድ ሠላሳኛ ቢዘጋ እንደ ክር ይረዝማል። ያም ቢሆን ብርሃኑ ከጠብታው ጀርባ ወይም ከጎኑ ካልመጣ፣ ከበስተኋላውም ጥቁር ነገር ከሌለ፣ ዶፍ እየወረደ ፎቶው ላይ ዝናብ የሚባል ነገር አይታይም። ፊት ለፊት ፍላሽ የሚያበሩ ጓደኞቻችንም የሚያገኙት ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ይህን የምንለው ቋንቋችንም ስለሚረዳን ነው። አማርኛ ዝናብን በአንድ ስም አይጠራም። ካፊያ አለ፤ ዶፍ አለ፤ ነፋስ እያጋደመ ከበረንዳ ሥር የሚያስገባው ወጨፎ አለ። ካፊያ ሰውን አያስቸኩለውም፤ ዶፍ ያስሮጠዋል፤ ወጨፎ ግን የተጠለለውንም አይምርም። የሰውየው ትከሻ፣ አረማመዱ፣ ነጠላውን የጠቀለለበት መንገድ በእያንዳንዱ ይለያያል። የክረምት ፎቶ አይተን የትኛው ዝናብ እንደሆነ መናገር ካቃተን፣ ፎቶ አንሺው የአየሩን ሁኔታ እንደ መጋረጃ ተጠቅሞበታል እንጂ አላየውም ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ትልቅ ሥራ እንሂድ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ሌላ ካላልን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1893 ኒው ዮርክ ላይ ኃይለኛ የበረዶ ውሽንፍር ነበር። ከጀርመን ትምህርቱ ከተመለሰ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በእጅ የሚያዝ ካሜራ ይዞ አምስተኛው ጎዳና ላይ ቆመ። የዚያን ዘመን ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ካሜራ ይንቁት ነበር፤ በዚያ ላይ በበረዶ ቀን ከቤት ወጥቶ ፎቶ ማንሳት የሞኝ ሥራ ነው የሚባልበት ጊዜ ነው። እሱ ግን ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ የሚፈልገው ቅጽበት እስኪመጣ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ውርጩ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ በረዶውን እየሰነጠቀ ወደ እሱ መጣ፤ ነጂው አለንጋውን አንስቷል። ፎቶው «ክረምት፣ አምስተኛው ጎዳና» ይባላል።

ኔጌቲቩን ላሳያቸው የክበቡ ሰዎች ነገሩ ጥርት ያላለ፣ የደበዘዘ ነውና ጣለው እንዳሉት ስቲግሊትዝ ይተርክ ነበር። እኛ ዛሬ ይህን ፎቶ ስናይ የምናደንቀው ግን ድብዝዝነቱን አይደለም። የምናደንቀው ውርጩ በፎቶው ውስጥ ባለቤት ስላለው ነው። ለፈረሶቹ ከባድ ነው፤ ለነጂው ከባድ ነው። ያነሳውም ሰው ከውርጩ ድርሻውን ከፍሏል። በዚያው ዓመት ያነሳው «ተርሚናል» የሚባለው ፎቶ ደግሞ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል፤ ነጂው በረዶ ላይ ቆሞ ፈረሶቹን ይንከባከባል፤ ከላባቸው እንፋሎት ይነሳል። ያ እንፋሎት እንኳንስ ጌጥ ሊሆን፣ የፈረሶቹ ድካም ራሱ ነው። እንፋሎቱን አውጥተን ብንጥለው የሚጎድለው ስሜት ብቻ ሳይሆን እውነቱም ነው። ጥሩ የአየር ሁኔታ ፎቶ ለእኛ ይህ ነው።

ነገር ግን አንድ ጓደኛችን «ስቲግሊትዝም እኮ ቀጥፏል!» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፣ ያሳተመው ሙሉውን ኔጌቲቭ አይደለም። ዳርዳሩን ከርክሞ የወሰደው ክፍሉን ነው፤ ይህንንም ሳይደብቅ በእጅ ካሜራ የሚሠራ ሰው ከኔጌቲቩ ትንሹን ክፍል መርጦ ማተም እንደሚችል ጽፏል። ታዲያ ማስተካከል የት ድረስ ነው? ከየት ወዲያስ ውሸት ይሆናል? ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት።

ጉዳዩ ከስቲግሊትዝም ይቀድማል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1856 እና 1857 የባሕር ፎቶግራፎችን ሲያነሳ የገጠመው ችግር የቁሱ ነበር። የዚያን ጊዜው ፕሌት ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስስ ነው፤ ባሕሩ በቅጡ እስኪወጣ ሲጠበቅ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለሰማዩ አንድ፣ ለባሕሩ አንድ ኔጌቲቭ አንስቶ አንድ ወረቀት ላይ ያጋጥማቸው ነበር። ዓይን ያየውን ቁሱ ስላልቻለ በብልሃት መለሰው ማለት ነው፤ በዚህ አንከሰውም። ሆኖም ያንኑ ሰማይ ወስዶ ሌላ ባሕር ላይ የደገመበት ጊዜም አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ይለወጣል። በዚያ ቀን በዚያ ባሕር ላይ ያልነበረ ደመና፣ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ፣ የተዋሰ ደመና ነው።

አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ደግሞ በሌላ በኩል ያለ ምሳሌ ነው። በዮሰሚቲ ሸለቆ ላይ የክረምት ማዕበል ሲገፈፍ ያነሳው ፎቶ በዓለም የታወቀ ነው። ከፊሉ ዓለት በደመና ተሸፍኗል፤ ከፊሉ ይበራል። አዳምስ ኔጌቲቭን እንደ ዜማ ጽሑፍ፣ ህትመትን ደግሞ እንደ ጨዋታው አድርጎ ይመለከት ነበር። ሙዚቀኛ የነበረ ሰው ነውና ምሳሌው ያምርበታል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዱን ቦታ በእጁ እየከለለ ያበራዋል፤ ሌላውን ብርሃን እየጨመረ ያጠቁረዋል። አንድን ኔጌቲቭ በዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ሲያትም ህትመቱ ይለያያል። ቢሆንም ያልነበረ ደመና አልጨመረም፤ የነበረውን ዓለት አላነሳም። ማዕበሉ በእርግጥ ከዚያ ሸለቆ ላይ እየተገፈፈ ነበር። በፎቶው ውስጥ ሰው የለም፤ ስለዚህም «ለማን ነው መጥፎ?» ብለን ብንጠይቀው መልስ የለውም። ግን አንድም ሰው አልሰረዘበትም፣ የማንንም ችግር አላጌጠበትም። እንደ ተራራ ዝማሬ እንቀበለዋለን።

እንግዲህ መለኪያችን ይህ ነው፤ ካሜራው ያልቻለውን ግን ዓይን ያየውን መመለስ ማስተካከል ነው። ብርሃን መጨመር፣ ማጥቆር፣ ኮንትራስት ማረም፣ መከርከምም ቢሆን ከዚሁ ይመደባል። ያልነበረ የአየር ሁኔታ ማምጣት፣ በአየሩ ሁኔታ ውስጥ የነበረን ሰው ማጥፋት ግን ማስተካከል አይባልም። የመጀመሪያው ብድር ሲሆን ሁለተኛው ስርቆት ነው።

«ሰው ማጥፋት» ያልነው ለማጋነን አይደለም። ስቲቭ ማካሪ የዝናብ ፎቶግራፍ ጌታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሞንሱን ስለሚባለው የእስያ ክረምት የሠራው መጽሐፍ በ1988 ወጥቷል፤ በጎርፍ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ የልብስ ስፌት መኪናውን ትከሻው ላይ የተሸከመውን ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ ያነሳው እሱ ነው። ያ ፎቶ ከስቲግሊትዝ ፈረሶች የሚተናነስ አይደለም፤ ዝናቡ ለማን እንደከፋ ማንም ይናገራል፤ ሰውየው ምኑን ለማዳን እንደሚታገልም ይታያል። በ2016 ግን የዚሁ ሰው አንዳንድ ሥራዎች ተቀይረው መታተማቸው ተጋለጠ። ከተጋለጡት ውስጥ በዝናብ ውስጥ የሚሄድ ሪክሾ አለ፤ ከላዩ ተሳፋሪዎች ጠፍተዋል። ለምን? ጥንቅሩ እንዲጠራ ነዋ! ማካሪ ሲመልስ ራሱን በሥዕል ታሪክ እንደሚናገር ሰው እንጂ እንደ ዜና ዘጋቢ እንደማያይ ገለጸ። እኛን አላረካንም። ዝናቡ የደበደበው ሰው ከዝናቡ ፎቶ ውስጥ ከተሰረዘ፣ የቀረው ምንድነው? ውኃ ብቻ።

ዛሬ ይህን ለማድረግ ጨለማ ክፍል ማደር አያስፈልግም። በ2020 ፎቶሾፕ ሰማዩን በአንድ ጭነት በሌላ ሰማይ የሚተካ መሣሪያ ይዞ ወጣ። ጥርት ባለ የጥር ቀን የተነሳ ጎዳና የሐምሌ ደመና ሊጫንበት ይችላል። ዓይን ግን ቶሎ አይታለልም፤ ደመናው ጥቁር ሆኖ የሰዎቹ ጥላ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ መሬቱ ደርቆ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ነገሩ እንደ ተዋሱት ኮት ትከሻው ላይ ያስታውቃል። ጉምም ቢሆን በዚያው በኮምፒዩተር ይረጫል። እውነተኛ ጉም የሩቁን ከቅርቡ ይለያል እንጂ እንደ ኖራ ሁሉንም እኩል አይቀባም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰው አገር ነው። ጥያቄያችን ሙሉ የሚሆነው ግን ወደ አገራችን ስንመልሰው ነው። በኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በብሪታንያ ቴሌቪዥን የኮረም መጠለያ ታየ። ምስሉን ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር፤ ዘጋቢው ማይክል በርክ። ንጋት ነው፤ ከሜዳው ላይ ጭስና ጉም የተቀላቀለበት ነገር ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ በነጠላና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕዝብ። በዚያው ዓመት ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ተጉዞ ኮረምን በጥቁርና ነጭ አነሳ። የብርሃን ዘንግ ከጉሙ ውስጥ ይወርዳል፤ የተጠቀለሉት ሰዎች እንደ ጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቆመዋል። እነዚህን ፎቶግራፎች ያየ አይረሳቸውም።

በ1991 ኢንግሪድ ሲሺ የተባለች ሃያሲ በኒው ዮርከር መጽሔት ሳልጋዶን አጥብቃ ነቀፈች። የነቀፌታዋ ፍሬ ነገር፣ መከራን እንዲህ ማሳመር ተመልካቹን ወደ አድናቆት እንጂ ወደ ተግባር አይወስደውም የሚል ነው። ብዙ ጓደኞቻችን በዚህ ይስማማሉ። እኛ በከፊል ብቻ ነው የምንስማማው። የኮረም ጉም የተዋሰ አልነበረም፤ ኮረም ደጋ ናት፣ ሌሊቱ ይቆፈንናል፣ መጠለያ የሌለውም ሰው ያደረው እዚያው ብርድ ውስጥ ነው። ያ የሚያምረው ጭጋግ ልብስ ለሌለው ሕፃን ምን እንደነበር ያልተረዳ ተመልካች ካለ፣ ጥፋቱ የብርሃኑ ብቻ አይደለም። ውበት በራሱ ወንጀል ነው የሚለውን አንቀበልም።

ከሲሺ ጋር የምንገናኘው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፎቶው ሊናገር ያልቻለ ነገር አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በጉሙ ምክንያት አልነበረም፤ ዝናብ አልዘንብ ብሎ ነው። በዚያ ላይ ጦርነቱ ነበር፣ የመንግሥት ፖሊሲ ነበር። ለወሎና ለትግራይ ገበሬ የዚያ ዘመን መጥፎ አየር ደመናና ጭጋግ አይደለም፤ ወር ከወር ጥርት ብሎ የዋለ ሰማያዊ ሰማይ ነው! ያንን ሰማይ ማን ፎቶ አነሳው? የቱሪስት ፖስት ካርድ «ያማረ ቀን» የሚለው እኮ እሱኑ ነው። ገበሬው በሰኔ ቀና ብሎ አይቶ ሆዱ የሚባባበት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ካሜራ ለያዘ የከተማ ልጅ «አሪፍ ብርሃን» ነው። በተቃራኒው እኛ «አየሩ ተበላሸ» የምንለው የሐምሌ ዶፍ ለእሱ የዓመት ቀለብ ነው። እንግዲህ «መጥፎ አየር» የሚለው ቃል ራሱ ከሜዳው የመጣ ሳይሆን ከመስኮቱ ጀርባ የመጣ ቃል መሆኑን ልብ እንበል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንለው ካሜራችሁን አስቀምጡ አይደለም። ይልቅስ ውጡ። ሌንሱን በላስቲክ ሸፍኑ፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላብ ስለሚያወጣ ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ይቆይ። ከመኪና መስኮት አታንሱ። ስቲግሊትዝ ሦስት ሰዓት ከቆመ እኛ ግማሽ ሰዓት ብንቆም ምን አለበት? ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ዝናቡ ማንን እንደሚመታ ያያል። በየጥጉ በላስቲክ ሥር ተኮራምቶ ብሩሹን ከውኃ የሚያድነው ሊስትሮ አለ። በቆሎዋን ከሰል ላይ አድርጋ እሳቱ እንዳይጠፋ ጃንጥላውን ለራሷ ሳይሆን ለከሰሉ የያዘች እናት አለች። ለብዙ ዓመታት ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የወረዱት እናቶች በሚያዳልጠው ጭቃ ላይ እግራቸውን እንዴት እንደሚተክሉ፣ «የጉም ውበት» ብሎ ለሄደ ካሜራ አይታየውም፤ የሚወጣው ጎብጣ የምታልፍ ጥላ ብቻ ነው። ጥላ ስም አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት «እማማ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ከብርሃን መለኪያው አይከብድም። እምቢ ካሉም እምቢ ነው።

ወደ ማስተካከሉ ስንመለስም ሕጋችን አጭር ነው። አብሩ፣ አጥቁሩ፣ ከርክሙ፤ ያያችሁትን እስኪመስል ድረስ ታገሉበት። ከሌላ ቀን ሰማይ አትዋሱ። በዝናቡ ውስጥ የነበረውን ሰው ጥንቅር አበላሸ ብላችሁ አታውጡት። ከፎቶው ሥር ደግሞ ቦታውንና ቀኑን፣ ፈቃዱ ከሆነ የሰውየውንም ስም ጻፉ፤ «ስሜት»፣ «ትዝታ»፣ «ብቸኝነት» እያላችሁ ብቻ አትለፉ። ብቸኝነቱ የእናንተ ይሁን የእሱ በምን እናውቃለን?

ይህ አቋማችን ጥብቅ ነው የሚል፣ ጉም ለጉምነቱ ብቻ ቢነሳ ምን ክፋት አለው የሚል፣ ወይም ሳልጋዶን ከሚገባው በላይ ተከላክላችሁለታል የሚል ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው። ሰኔም እየቀረበ ነው። ከነቀፌታው ጋር አንድ የዝናብ ፎቶግራፍ አያይዞ የሚልክልንም ከሁሉ ይበልጥ ያስደስተናል፤ ዝናቡ ማን ላይ እንደዘነበ ግን ይንገረን።